ከቦሌ እስከ ሮም፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የዕረፍት ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል

ጣሊያንን ለዕረፍት ለማየት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቲኬት ነው፤ ቅናሽ ያያል፣ ይቆርጣል፣ ከዚያ ቪዛ ፍለጋ ይሮጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ተለጥፎ እስክታዩት ድረስ የማይመለስ ገንዘብ ከኪሳችሁ አይውጣ። ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለአስር ቀን ያህል ሮምን፣ ፍሎረንስንና ናፖሊን ለሚያይ መንገደኛ የተዘጋጀ ነው። የቪዛው ክፍል አብዛኛው ፈረንሳይም ግሪክም ለሚሄድ ሰው ያገለግላል፤ የጣሊያን ብቻ የሆነው በየቦታው ተነግሯል።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የሸንገን (ጣሊያንን ጨምሮ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው። ሌላው ዓለም ውሳኔውን የሚጠብቀውም በመደበኛው 15 ቀን ነው። የኛ ግን ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024) ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል ምክንያት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጠበቀው። በዚህ ውሳኔ መሠረት መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ኤምባሲዎች ለደጋገመ ተጓዥ ሰነድ የመቀነስ ሥልጣናቸው ተነሳ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ስለዚህ ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ አውሮፓ የተመላለሰ ሰውም ሙሉ ዶሴ ይዞ እንደ አዲስ ይቀርባል፤ የሚያገኘውም አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ነው። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ውሳኔው እንደጸና መሆኑን ከኤምባሲው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። መስከረም 20 ለመብረር ካሰባችሁ 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ነሐሴ 10 ላይ ያርፋል። ነሐሴ 10 ማስገባት ግን ገመድ ላይ መሄድ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሰነድ ከተጠየቃችሁ ቀኑ ያልፋል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዶሴው ገብቶ ማለቅ አለበት። ቀጠሮ ለማግኘት ደግሞ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ፍለጋው ግንቦት መጨረሻ ላይ ይጀመር። ፓስፖርታችሁ ውሳኔው እስኪሰጥ እዚያው ይቆያል፤ በመሀል ዱባይ ወይም ናይሮቢ የሥራ ጉዞ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ እንዲሁም ሚያዝያና ግንቦት ከሁሉም ይመረጣሉ። ነሐሴ ውስጥ ሮም ትነዳለች፤ ኦገስት 15 በሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን ደግሞ ብዙ የሰፈር ሱቆችና ምግብ ቤቶች ዘግተው ባለቤቶቹ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። ችግሩ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ክረምቱ ብቸኛው ክፍት ጊዜ መሆኑ ነው። እነሱ ቢያንስ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ማረፊያ ይያዙ፤ ጉብኝቱንም በጠዋትና በማታ ይክፈሉት።

ፓስፖርቱና ስሙ

ፓስፖርቱ ከሸንገን አገር ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ቢያንስ 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱ። አሮጌው ፓስፖርት ላይ ያገለገሉ ቪዛዎች ካሉ እሱንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው መሆናችሁን የሚመሰክረው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ስም ላይ ነው። የኛ የስም አጠራር የቤተሰብ ስም የለውም፤ የማመልከቻ ፎርሙና የአየር መንገዱ ገጽ ደግሞ የግድ ይጠይቃሉ። መልሱ ፓስፖርታችሁ ላይ ተጽፏል። ፎቶ ያለበትን ገጽ ግርጌ ተመልከቱ፤ ሁለት መስመር የላቲን ፊደልና ቁጥር አለ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ከአገሩ መለያ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ሁለት ተከታታይ የ«ያንሳል» ምልክት እስኪደርስ ያለው፣ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው ነው፤ ብዙ ጊዜ የአያት ስም ይሆናል። ከምልክቶቹ በኋላ ያለው የእናንተና የአባታችሁ ስም ነው። ቲኬትም፣ መድንም፣ ሆቴልም፣ የሙዚየም መግቢያም በዚሁ ቅደም ተከተልና በዚሁ ፊደል ይሞላ። ባንክ ያለው ስማችሁ በአንድ «ኢ» ፊደል የሚለይ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉ፤ ወይም ባንኩ የሁለቱ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን በደብዳቤ ይግለጽ።

ዶሴው አንድ ታሪክ ይናገር

ቪዛ መርማሪው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ለምን እንደምትሄዱ፣ በማን ገንዘብ እንደምትሄዱ፣ ለምን እንደምትመለሱ። እያንዳንዱ ወረቀት ከነዚህ አንዱን ይመልሳል፤ ዋናው ነገር መልሶቹ እርስ በርሳቸው አለመጣረሳቸው ነው። ደብዳቤው የ10 ቀን ፈቃድ እያለ ሆቴሉ ለ14 ሌሊት ከተያዘ የተቀረው ወረቀት የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለምትገቡበት አገር ይሆናል። «ቀጠሮ ቶሎ የሚሰጠው እገሌ ኤምባሲ ነው» ብሎ በዚያ አመልክቶ ጣሊያን መክረም ድንበር ላይም ሆነ በቀጣዩ ማመልከቻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

የጉዞ ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ቀን፣ ከተማ፣ ማደሪያ፣ መጓጓዣ። ለምሳሌ ሮም 5 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 2፣ ናፖሊ 2፣ ከዚያ ለመመለሻው በረራ እንደገና ሮም 1 ሌሊት። ሆቴሎቹን ያለ ክፍያ መሰረዝ በሚቻልበት ዓይነት ያዙ፤ እያንዳንዷ ሌሊት መሸፈን አለባት። ለበረራውም የሚበቃው የተያዘ ቦታ ማረጋገጫ ነው፤ የተከፈለ ቲኬት ግዴታ አይደለም። የጉዞ ወኪሎች ይህን በትንሽ ክፍያ ይሠራሉ፤ ቁጥሩ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ ሲገባ የሚታይ መሆኑን ግን ራሳችሁ ሞክሩት። በኮምፒውተር የተቀነባበረ ሐሰተኛ ቡኪንግ ያስያዙ ሰዎች በዚያ ብቻ ተከልክለዋል።

መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚያካትት መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያሉ የመድን ኩባንያዎች ይህን አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ስትገዙ ቪዛ ከተከለከላችሁ ክፍያው ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ።

ገንዘብን በተመለከተ ጣሊያን የራሷ የሆነ ዝቅተኛ መጠን አላት፤ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2000 በወጣ መመሪያ የተቀመጠ ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከ1 እስከ 5 ቀን በድምሩ 269.60 ዩሮ፤ ከ6 እስከ 10 ቀን በቀን 44.93 ዩሮ፤ ከ11 እስከ 20 ቀን ደግሞ በቅድሚያ 51.64 ዩሮና በላዩ በቀን 36.67 ዩሮ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚጓዙ ከ6 እስከ 10 ቀን ያለው በነፍስ ወከፍ በቀን 26.33 ዩሮ ይሆናል። ስለዚህ ለ10 ቀን አንድ ሰው 449.30፣ ባልና ሚስት በአንድ ላይ 526.60 ዩሮ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል ማለት ነው። ይህ ወለሉ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ሮም ውስጥ ደህና ዕረፍት አይታሰብም፣ መርማሪውም ያውቀዋል። ሂሳባችሁ ላይ ከቲኬት፣ ከማደሪያና ከምግብ በኋላም ቤተሰብ የሚያኖር ነገር ሊተርፍ ይገባል።

ከመጠኑ ይልቅ የሚታየው ፍሰቱ ነው። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ላይ ደመወዝ በየወሩ ሲገባ፣ ወጪ ሲወጣ፣ ቀሪው ቀስ እያለ ሲያድግ መታየት አለበት። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ የተበደረ 800,000 ብር በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን ያ ገንዘብ ለጉዞ የተቀመጠ ሳይሆን ለታይታ የተበደረ መሆኑ ወዲያው ይለያል። ገንዘቡ በእውነት የእናንተ ከሆነ፣ መኪና ሸጣችሁ ወይም ዕቁብ ደርሷችሁ ከሆነ፣ የሽያጭ ውሉን ወይም የዕቁቡን ማስረጃ አያይዙና በሁለት መስመር አስረዱ።

ተቀጣሪ የሆነ ሰው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው የተቀጠረበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የተፈቀደለትን የዕረፍት ቀን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ወደ ሥራ የሚመለስበትን ቀን ይግለጽ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ መልካም ምኞት የሚገልጽ ደብዳቤ አይጠቅምም። የራሱ ንግድ ያለው ሰው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ምስክር ወረቀት፣ የግብር ክሊራንስና የድርጅቱን ስቴትመንት ያቅርብ። የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ የሚመልስ ነገር እንዳለ ያሳያሉ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በተፈቀደለት ተርጓሚ ይተርጎም።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ወጥመድ አለች፦ የዘመን አቆጣጠር። ደብዳቤው «የተቀጠረው 02/05/2012» ካለ አንባቢው ሜይ 2 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. አድርጎ ነው የሚያነበው፤ የቅጥር ቀናችሁ በስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከጡረታ መዝገቡም ጋር ተጣረሰ ማለት ነው። ለኤምባሲ የሚሄድ ደብዳቤ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ይጻፍ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስም ይቀመጥ።

ዘመድ ቤት የሚያርፍ ሰው ከሆቴል ቡኪንግ ይልቅ የጋባዡን የጣሊያንኛ የግብዣ ደብዳቤ፣ የመታወቂያውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ ያቅርብ። ጋባዡ ከደረሳችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ እንግዳ መቀበሉን ለፖሊስ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ዘመዶች ይህን ስለማያውቁ አስታውሷቸው። ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ልጅ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ በውልና ማስረጃ ተረጋግጦ፣ ተተርጉሞ ይያያዝለት።

ክፍያ፣ አሻራና ውሳኔ

ክፍያው ከጁን 11 ቀን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በታች ነጻ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ኤምባሲው ራሱ ሳይሆን በውክልና የሚሠራ የቪዛ ማዕከል ከሆነ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ቢከለከልም አይመለስም። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ፣ በቅርብ የተነሳ ይሁን። አሻራ ከሰጣችሁ 59 ወር ካልሞላ ከሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ ሊወሰድ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ራሳችሁን ለመቅረብ አዘጋጁ።

ቀጠሮ እንሸጣለን የሚሉ ደላሎች አሉ። ቀጠሮ ራሱ በሕጋዊው መንገድ የሚያዝ ነው፤ «ቪዛው ያለቀ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ሐሰተኛ ስቴትመንት ሊያስገባላችሁ ይችላል። ሐሰተኛ ሰነድ የተገኘበት ሰው መዝገቡ የሸንገን አገሮች በሙሉ በሚያዩት ሥርዓት ውስጥ ይቀመጣል፤ ደላላው ስልኩን ይቀይራል፣ እናንተ ግን አሻራችሁን መቀየር አትችሉም።

ከተከለከላችሁ ምክንያቶቹ ምልክት የተደረገባቸው መደበኛ ቅጽ ይሰጣችኋል። ተደጋግመው የሚመጡት ሁለት ናቸው፦ የጉዞው ዓላማና ሁኔታ በበቂ አልተረጋገጠም፤ ወይም ቪዛው ሳያበቃ ለመውጣት ያላችሁ ፍላጎት አጠራጣሪ ነው። የመጀመሪያው የዕቅድና የማደሪያ፣ ሁለተኛው የሥራና የቤተሰብ ሰነድ ጉድለት ነው። በጣሊያን ይግባኙ የሚቀርበው ሮም ላለው የላዚዮ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት በ60 ቀን ውስጥ ሲሆን ጠበቃ ስለሚያስፈልገው ለዕረፍት ጉዞ እምብዛም አያዋጣም። ጉድለቱን ሞልቶ እንደገና ማመልከት ይሻላል። ያንኑ ዶሴ መልሶ ማስገባት ግን 90 ዩሮ መጣል ነው።

ቪዛውን አንብቡት

ፓስፖርቱ በእጃችሁ ሲገባ ከመደሰት በፊት ተለጣፊውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ቀን። ከዚያ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን ለዩ። ከእገሌ ቀን እስከ እገሌ ቀን የሚለው ቪዛው የሚያገለግልበት መስኮት ነው፤ የቆይታ ቀን የሚለው ቁጥር ደግሞ በዚያ መስኮት ውስጥ መቆየት የምትችሉት ነው። መስኮቱ ብዙ ጊዜ 15 ቀን መጠባበቂያ ይጨመርበታል። የቆይታው ቁጥር 11 ሆኖ መስኮቱ 26 ቀን ከሆነ 11 ቀን ነው ያላችሁ፤ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ። በዚህ ተሳስቶ የቆየ ሰው ሕግ ጥሷል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ የጀመረው የመግቢያና መውጫ ሥርዓት ደግሞ ቀኑን በኮምፒውተር ይቆጥራል፤ በማኅተም መደብዘዝ የሚታለፍ ነገር የለም።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ያለው ሰው ከሸንገን ወጥቶ አይመለስም። ለንደንና ደብሊን ከሸንገን ውጭ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ናት። ቫቲካን ከሮም ስትገቡ የድንበር ቁጥጥር የለም፣ አትስጉ። በፍራንክፈርት ወይም በሌላ የሸንገን ከተማ አድርጋችሁ ሮም ከገባችሁ የድንበር ምርመራው እዚያው መጀመሪያ ያረፋችሁበት ላይ ነው፤ የሆቴል፣ የመድንና የመመለሻ ወረቀቱን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ቪዛ መያዝ ብቻውን ለመግባት ዋስትና አይደለም።

ቲኬቱና ሰዓቱ

አሁን ቲኬት ይቆረጥ። ከአዲስ አበባ ሮም ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ብዙውም በሌሊት ነው። እዚህ ላይ በየጊዜው ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠራችን ምክንያት ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00፡25» ካለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡25 ማለት ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መሆን አለባችሁ። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትይዙም የአገራችንን ሰዓት ሳይሆን ቲኬቱ ላይ ያለውን አስገቡ። ጣሊያን ከኛ በበጋዋ 1፣ በክረምቷ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

የሌሊቱ በረራ ሮም የሚያደርሳችሁ ገና ሳይነጋ ወይም በማለዳ ነው፤ የሆቴል ክፍል የሚሰጠው ግን ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በኋላ ነው። ሻንጣ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

ገንዘቡ

ባንኮች ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አይተው ነው፤ የሚሸጡት መጠን በመመሪያ የሚቀያየር ስለሆነ የራሳችሁን ቅርንጫፍ ጠይቁ። ዩሮውን በ20ና በ50 ኖት ለምኗቸው፤ የ200ው ኖት ሮም ውስጥ ፊት ያስቋጥራል። ደረሰኙን ያዙት። ብር ይዞ መሄድ ትርጉም የለውም፣ እዚያ የሚመነዝረው የለም። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት።

ባንካችሁ በውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካርድ ካለው አውጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት አንድ ትንሽ ክፍያ ፈጽማችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ሆቴሎች ለዋስትና ካርዱ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ስለሚይዙ ቀድሞ የተሞላ ካርድ ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ ለቀናት ሊታገድ ይችላል። ሁሉንም አንድ ካርድ ላይ አታድርጉ።

በበጀቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳው የከተማ ግብር ነው። ሮም ውስጥ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል በሰው በሌሊት 6 ዩሮ ይቀበላል፤ ሁለት ሰው 5 ሌሊት ሲያድር 60 ዩሮ፣ ከክፍሉ ዋጋ በተጨማሪ፣ እዚያው የሚከፈል።

ሻንጣው

ሻንጣው ሲሞላ መጀመሪያ የሚገባው የእማማ ስንቅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሕጉ ጥብቅ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ የተቀቀለ ዶሮ ወጥ ሁሉም ይወረሳል፤ ቅጣትም አለው። ቅቤ የገባበት ቆሎ ወይም ጭኮም ያው ነው። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና በፋብሪካ ወይም በደንብ በታሸገ ከረጢት ሲሆኑ ብዙ አያስቸግሩም። ጫት በጣሊያንና በሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮች የተከለከለ ዕፅ ነው፤ «ለዘመድ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጣችሁን ጥቅል ከፍታችሁ ሳታዩ አትውሰዱ።

መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን። ፓወር ባንክም እዚያው፤ ገደቡ 100 ዋት-ሰዓት ሲሆን ይህም ወደ 27,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ይጠጋል። ፈሳሽ ነገር በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት። ቻርጀሩ ሁለት ክብ እግር ያለው ከሆነ ጣሊያን ውስጥ ያለ መቀየሪያ ይሠራል፤ ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ግን አይገባም።

ለእመቤቶች ነጠላ ያዙ። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት የተገለጠን ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ አያስገባም፤ በር ላይ የሚሸጠው ሻርፕ ውድም አስቀያሚም ነው።

መሬት ላይ

ከፊውሚቺኖ ወደ መሀል ከተማ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር ያለ ማቆሚያ በ32 ደቂቃ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል፤ 14 ዩሮ ነው። ማደሪያችሁ ትራስቴቬሬ ወይም ኦስቲየንሴ አካባቢ ከሆነ የሰፈሩ ባቡር በ8 ዩሮ ይበቃል። ከተማ ውስጥ የአውቶቡስና የሜትሮ ቲኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ካርድ በማስነካትም ይከፈላል። በሰፈርና በክልል ባቡሮች ላይ የወረቀት ቲኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ባቡር ጣቢያው ካለችው ማሽን ላይ አስመቱት፤ ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፣ ተቆጣጣሪውም ያስቀጣል። ተርሚኒ፣ 64 ቁጥር አውቶቡስና የሜትሮው ኤ መስመር የኪስ አውላቂ መናኸሪያዎች ናቸው፤ ፓስፖርቱን ሆቴል አስቀምጡ፣ ቅጂውን ያዙ።

የኮሎሲየም መግቢያ 18 ዩሮ ሲሆን በስም ነው የሚሸጠው፤ ከ30 ቀን በፊት ነው የሚከፈተው፣ ያኔውኑ ያዙት። የቫቲካን ሙዚየሞች በኢንተርኔት ከነማስያዣው 25 ዩሮ ናቸው፤ ከወሩ መጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው። ፍሎረንስ ያለው ኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል። የጥንታዊቷን ከተማ የፖምፔን ፍርስራሽ ለማየት ከናፖሊ ጋሪባልዲ ጣቢያ ቺርኩምቬዙቪያና የምትባለውን ባቡር ይዛችሁ «ፖምፔ ስካቪ» ላይ ውረዱ፤ እዚያም ቲኬቱ በስም ነው፣ በቀን የሚገባው ሰውም በ20,000 ተገድቧል።

ለኢትዮጵያዊ ሮም ውስጥ የሚታይ ከመመሪያ መጽሐፎቹ ዝርዝር ውጭ የሆነ ነገር አለ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው፣ ሐውልታቸውም ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በላዩ ያልፋል። በዚያው ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው የፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ ከኮሎሲየም በእግር የሚደረስበት ነው።

ጾመኛ ሰው አይቸገርም። ማሪናራ ፒዛ አይብ የለውም፤ ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ወይም በነጭ ሽንኩርትና ዘይት የተሠራውን «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለትም ያለ አይብ ብላችሁ እዘዙ። ትኩስ ተብሎ የሚሸጠው ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ይቅር። ቡና ቆሞ ሲጠጣ ከተቀመጡበት ይረክሳል፤ ሂሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» ተብሎ የሚደመረው የማዕድ ክፍያ ነው፣ አልተጭበረበራችሁም። ውኃ አትግዙ፣ በየመንገዱ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ መጠጥ ውኃ ነው። ድንገተኛ ችግር ሲደርስ የሚደወለው 112 ነው።

ስትመለሱ ከአንድ ሱቅ በአንድ ደረሰኝ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ማስመለስ ትችላላችሁ። ሱቁ ውስጥ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቅጹን አስሞሉ፤ ፊውሚቺኖ ላይ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ዕቃውን ለጉምሩክ አሳይታችሁ አስጸድቁ። ሻንጣው ከገባ በኋላ ቢመጡ የሚያየው ስለሌለ አያጸድቅም። የመመለሻውን ቦርዲንግ ፓስና የሆቴል ደረሰኞቹን ደግሞ አትጣሏቸው፤ ቀጣዩ ማመልከቻ ላይ ሙሉ ዶሴ እንደ አዲስ ስለሚጠየቅ በቀናችሁ መውጣታችሁን የምታሳዩት በነሱ ነው።